አራሷን ያወጣሁ ቀን

የልጅ ልጄ የትናየት በወለደች በአሥራ አምስተኛው ቀን ባሏ ፍሬው ከቆላ፣ ከወርቅ ቁፋሮው መጣ። ማር ያመጣ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን በጨርቅ የቋጠራት ነጭ ድብልብል ነገር አሳየኝ።

«ወርቅ ነው እማማ። ያነጣው ወርቁን የምንለቅምበት ባዘቃ፣ ሜርኩሪው ነው። እሳት ላይ ሲሞቅ ባዘቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ለልጄ ጉትቻ አሠራላታለሁ።»

«እዚህ ቤት አይሞከርም!» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ በጣሳ ክዳን አድርጎ ምድጃው ላይ ጥዷታል። እናትና ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሦስት እርምጃ ርቀው ተኝተዋል።

«ጭስ እንኳ የለውም እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጭስ ቢኖረውማ የትናየትም ትሸሽ ነበር።»

የመጨረሻ ልጄ አስማረ በሚተኛበት ጎጆ ሦስት ዓመት ባዘቃ ሲያተን ኖሮ፣ ዛሬ ገና በሠላሳ ዓመቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ምክንያቱን ሲነግረው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

«የትናየት፣ ተነሺ! እንወጣለን።»

«እማማ፣ አራስ እኮ ነኝ! ምች ቢመታኝስ?»

ምች በሚሉት ነገር ያስፈራራኋት እኔው ነኝ። ከደጅ እንዳትወጣ፣ ፀሐይ እንዳያያት አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስጨቀጭቃት ከርሜያለሁ። ቢሆንም ሕፃኗን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ እናቷን በእጄ ይዤ በሩን በረገድኩት።

ጎረቤቴ ዘርፌ ከአጥሯ ማዶ ጮኸች፦ «እትዬ ተዋበች፣ አበዱ እንዴ? አራስ በዚህ ጠራራ ፀሐይ!»

«አፍሽን ሳይሆን ጥላሽን ይዘሽ ነይ!»

እያጉረመረመች ይዛ መጣች። ፍሬው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ትንሽ ነው የቀራት፣ ልጨርሳትና…» አለ።

«እሳቱን አጥፍተህ ውጣ! ታጥበህ ልብስህን ሳትቀይር ልጅቷን አትነካም።»

ዘርፌ ቤት ገባን። የጤና ሠራተኛዋን አስጠራሁ። መጥታ አየቻቸውና፣ «ጊዜ ሳይፈጁ ማውጣትዎ ደግ ነው። ቤቱ ግን እኔ ሳልፈቅድ አይገባበትም» አለችኝ።

አመሻሽ ላይ ፍሬው ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ደጅ ቆመ።

«እማማ፣ እስከ ክርስትናዋ እዚሁ ልትቆይ ነው? አገር ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። ግባና ልጅህን እያት።»

አንገቱን ደፍቶ ገባ። ዘርፌ አልጋዋን ለአራሷ ለቃ መደብ ላይ ልትተኛ ነው፣ ወገቧን እየያዘች ታማርራለች። ታማርር።