በሁለት አጥር መካከል

እናትየው የምግብ ዕቃውን ይዛ በሩን ስትከፍት ጎረቤቷን ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘቻት። አላንኳኳችም ነበር። ሻርፗ በካፊያ ርሶ ትከሻዋ ላይ ጠቁሯል፤ ከቆመች መቆየቷን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድሮ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከማዶ «ይማርሽ!» ትላት፣ ከዚያም ሁለቱም በየቤታቸው ለብቻቸው ይስቁ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ ከጠፋች፣ የእናትየውም ልጅ ከተያዘ ወዲህ ግን ከወዲያም ከወዲህም ድምፅ የለም። እናትየው ማስነጠስ ሲመጣባት ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች።

ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤቱ ልጇን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ነው ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። አስከሬን አልተገኘም። የተገኘው ልጅቷ እሱ ወደሚነዳው የዕቃ ማመላለሻ መኪና ስትገባ የሚያሳይ የካሜራ ምስል፣ ከመጫኛው ወለል ላይ የተፋቀ የደረቀ ደም፣ እና ሌላ ከተማ ወስዶ የሸጠው ስልኳ ነው። እሱ ግን «አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ አወረድኳት» ካለው ቃል አንድ ቀንም ፈቀቅ አላለም።

«የቁጥቡ እናት» አለች ጎረቤቷ። ቁጥቡ የሰፈሩ ሰው ለልጇ ያወጣለት ስም ነው፤ ንግግሩም ሳቁም በልክ ስለነበር። የጎረቤቷን ልጅ ደግሞ ሳቂታ ይሏት ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ የሳቂታ እናት። ብርዱ…»

«አልገባም። ዛሬ ልትጠይቂው እንደምትሄጂ አውቃለሁ። ነገ ወደዚያ ሩቁ ወህኒ እንደሚያዛውሩትም ሰምቻለሁ።»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ጠይቂልኝ።»

እናትየው ምኑን አላለችም።

«ፍርድ ቤቱ ሞታለች አለኝ፤ የት እንዳለች ግን አልነገረኝም» አለች ጎረቤቷ። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነው፤ ቁጣ የለበትም። «ሰው ሊያስተዛዝነኝ ይመጣል። ወንበር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ ምን እንደምናደርግ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ማታ ዝናብ ሲጥል ተነስቼ እቀመጣለሁ። እሷ ያለችበት ይዝነብ አይዝነብ እንኳ አላውቅም እኮ።»

ከውስጥ የእናትየው ሴት ልጅ ድምፅ መጣ። «እማዬ! አሁንም አልሄድሽም? ጠበቃው ያለውን እንዳትረሺ፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል እንዳታነሺበት! አስከሬን የለም፤ ይግባኛችን የቆመው በዚህ…» እያለች ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ብቅ አለች። ደጃፉ ላይ የቆመችውን ስታይ ፎጣው ከእጇ ላላ።

«እትዬ… ደህና አደሩ?» አለች፣ አፏ እንደለመደው።

«እግዜር ይመስገን» አለች ጎረቤቷ፣ የእሷም አፍ እንደለመደው።

ልጅቷ ተመልሳ ገባች። ጎረቤቷም ሻርፗን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «እኔም እመጣለሁ፤ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ እናትየው ከፊት፣ ጎረቤቷ ከኋላ ተቀመጡ። መስኮቱ በትንፋሽ ጉም ለብሷል። እናትየው የምግብ ዕቃውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን በሁለት እጇ ተጭናዋለች፤ አውቶቡሱ በነጠረ ቁጥር የሚያመልጣት ይመስል።

ክፉውን ቀድሞ በማሰብ የሚስተካከላት አልነበረም። ልጆቿ በዚህ ነገር ሲያሾፉባት ነው ያደጉት። «እማዬ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ራሱ ማን አቃጠላት ትላለች» ትል ነበር ሴቷ። ልጁ ሲያመሽባት የውሃ ታንከር ውስጥ ወድቆ፣ መኪና ሥር ገብቶ፣ የማያውቀው ሰው አታሎ ወስዶት አይታ ትጨርሳለች። በሩን ከፍቶ ሲገባ በሐሳቧ ቀብራው ተመልሳ ነው የምታገኘው። ይህን ሁሉ ዓመት የፈራችው ግን በልጇ ላይ የሚደርሰውን ነበር። ከልጇ በሰው ላይ የሚደርሰውን አንድም ሌሊት አልፈራችም።

የሳቂታ እናት ግድግዳውን በመዳፏ እየደበደበች «ልጄ እናንተ ጋ አለች?» ብላ የጮኸችበትን ምሽት ታስታውሳለች። በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው ሐሳቧ «የእኔ እዚህ ነው» የሚል ነበር። ዞር ብላ አየችው። ገበታው ላይ ተቀምጦ ይበላል። የሥጋውን መረቅ በዳቦ እየጠረገ፣ ሳይቸኩል፣ በደንብ እየበላ ነበር። ከዚያ ተነስቶ እጁን ታጠበ፣ የእጅ ባትሪውን አንስቶ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሊፈልጋት ወጣ። እሷም ከኋላው ቆማ በልጇ ኮርታ ነበር።

ደሙን እንደ እንቆቅልሽ ፈታችው፤ ዕቃ ሲያወርድ ሰው እጁን ይቆርጣል። ስልኩንም ፈታችው፤ መኪናው ውስጥ ረስታው ይሆናል፣ ገንዘብ ቸግሮት ይሆናል። ያ አበላሉ ግን ምን ብትገለብጠው አልፈታላት አለ። በምትሠራበት ዳቦ ቤት ሊጡን ስትቆርጥ ይመጣባታል። እያኘከ የሚንቀሳቀስ መንጋጋውን ታያለች።

በሙግቱ ሁሉ «አድርገሃል?» ብላ ጠይቃው አታውቅም። ሰው «እናት ስለሆነች አምናው ነው» ይላል። እሷ ግን ያልጠየቀችበትን ምክንያት ታውቀዋለች፤ የጠየቁት ሰው ይመልሳል።

ወህኒው በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ወርዷል። ጎረቤቷ ከሰልፉ አልገባችም፤ በብረት በሩ አጠገብ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። እናትየው ፊት ያለችው ወፍራም ሴትዮ ሦስት የምግብ ዕቃ ተሸክማ ያለማቋረጥ ታወራለች።

«ይሄን ጠባቂ አየሽው? ከሁሉም ካላስቀመሰ አያሳልፍም። መርዝ እንዳይገባ ነው አሉ። እሱ ያቀመሰኝን ያህል ባሌ በትዳራችን አላጎረሰኝም!»

እናትየው ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ተራዋ ሲደርስ ጠባቂው ክዳኑን ከፈተ። የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ከዳቦ ቤት ያመጣችው ዳቦ። «ቅመሺ እናቴ» አላት። ከድንቹ ቆረሰች። «ከእንቁላሉም። ከዳቦውም።» ሁሉንም አንድ ላይ አፏ ውስጥ ከተተችውና ማኘክ ጀመረች። አልወርድ አላት። አኘከች፣ አኘከች። ጠባቂው ዓይኑን አፏ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«አንቺ፣ ቶሎ ዋጪ!» አለቻት ወፍራሟ ሴትዮ ከወዲያ። «ትን ብሎሽ ብትሞቺ መርዝ ነው ብለው የሁላችንንም ይደፉታል!»

ሰልፉ ሳቀ፤ ጠባቂውም ሳቀ። እናትየው እንባዋ እስኪመጣ ታግላ ዋጠችው።

መጠየቂያው ግቢ ሁለት የሽቦ አጥር ነው። ጠያቂ ከአንዱ ወዲህ፣ እስረኛ ከሌላው ወዲያ ይቆማል። በመካከሉ አንድ ጠባቂ ዱላውን እያወዛወዘ የሚመላለስበት መንገድ አለ። እጅ አይደርስም፤ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ከተጮኸ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ ሁሉም ከሌላው በላይ መጮህ አለበት።

«ጣሪያው አፈሰሰ!»

«ማን ከሰሰ?»

«ጣሪያው! ጣ-ሪ-ያ-ው!»

«ልጁ ጥርስ አወጣ!»

«ወንድምህ መኪናውን ሸጠው፣ ያ ሌባ!»

ልጇ ከወዲያ በኩል ሰው እየገፋ መጣ። ፀጉሩን ላጭተውታል። አንገቱ ቀጥኖ፣ ጆሮዎቹ የሕፃንነቱን ጊዜ ጆሮ መስለዋል። ልቧ እሷን ሳያማክር ወደ እሱ ሄደ።

«እማ! በዚህ ብርድ ለምን መጣሽ?»

«ምን አለበት!»

«ዳቦው ካንቺ ዳቦ ቤት ነው?»

«አዎ! እኔው ነኝ የጋገርኩት!»

«ጠበቃው ምን አለ?»

«ይግባኙን አስገብቻለሁ አለ!»

ፈገግ አለ። ያቺ በልክ የሆነች ፈገግታው ናት፤ ድሮ ሰው «አይ ጨዋ ልጅ!» የሚልላት። እናትየው ወደ ኋላዋ ተመለከተች። የብረት በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ የእርጥብ ሻርፕ ጫፍ ይታያል። ከዚህ የሚጮኸው ሁሉ እዚያ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ሲጋራ የሚሸጠው ሰው እንኳ የማን ጣሪያ እንዳፈሰሰ ያውቃል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አይሰማም! ጩኺ!»

ከዚህ አጥር ውጭ በዕድሜዋ ጮኻ አታውቅም። ዳቦ ቤት ማቡኪያው ማሽን ሲነሳ የእሷን ቃል ሰው ከከንፈሯ ነው የሚያነበው። ይህን ነገር በሹክሹክታ ለመጠየቅ ራሷን ስታዘጋጅ ነው የመጣችው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሌላ መንገድ ይጠየቃል ብላ አላሰበችም። ሽቦውን ጨበጠች። ቀዝቃዛ ነው።

«ሳቂታን የት አደረግካት?»

ድምፁ የእሷ አልመሰላትም። ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። አጠገቧ ስለ ጣሪያው የሚጮኸው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዝምታው ከእሱ ወደሚቀጥለው፣ ከሚቀጥለው ወደ ሌላው እየተሻገረ በሁለቱም አጥር ዳርና ዳር ተዳረሰ። ጠባቂው ዱላውን ማወዛወዝ ተወ። ወፍራሟ ሴትዮ በመዳፏ አፏን ያዘች።

ልጇ መጀመሪያ ያየው ጠባቂውን ነው። ከዚያ በሩን። ከዚያ እሷን።

«ማነው የላከሽ?»

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ!»

ጠበቀች። «አላውቅም» ሊላት ይችላል። «እማዬ፣ አንቺም?» ብሎ ሊቆጣት ይችላል። ለዚያ ቃል ጆሮዋን አዘጋጅታ ነው የመጣችው፤ ቢላት ታምነዋለች፣ ለጎረቤቷም «አያውቅም» ብላ ትነግራታለች፣ ቤቷም ገብታ ያን ስስ ግድግዳ እያየች ትኖራለች። አንዲት ቃል ናት። በል እንጂ፣ አለችው በሆዷ።

ልጇ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ይግባኙስ?» አለ።

እናትየው ሽቦውን አጥብቃ ያዘች። ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባት ነገር ቀስ በቀስ ወደ ሌሎቹም ሲደርስ በትንፋሻቸው ሰማችው። ገበታው ላይ የተቀመጠው፣ የሥጋውን መረቅ በዳቦ የጠረገው፣ ሳይቸኩል ያኘከው ልጅ ከፊቷ ቆሟል። ያን ሁሉ ምሽት ሲፈታተናት የኖረው ነገር ተፈታ።

«ይቅር» አለችው። «ይግባኙ ይቅር!»

እሱም እንደ እሷ ሽቦውን ያዘ። ጣቶቹ በሽቦው አልፈው ወደ መካከሉ መንገድ ወጡ። ጠባቂው መምታት ነበረበት፤ አልመታም።

«ብነግርሽ…» አለ። አልጮኸም፤ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ለሁሉም ተሰማ። «ብነግርሽ፣ ከዚያ በኋላ ትመጪያለሽ? እዚያ ሩቁ ድረስ?»

በዚህ መካከል ከውስጥ ሌሎች እስረኞች ወደ ግቢው ተለቀቁ። ምንም ያልሰሙት፣ ምንም የማያውቁት፣ እየተሯሯጡ አጥሩን ሞሉት። «እማ!» «እቴ! እዚህ ነኝ!» «ገንዘቡን ላኩልኝ!» ጩኸቱ እንደ ጎርፍ ተመልሶ መጣ፤ ሰውዬውም ወደ ጣሪያው ተመለሰ።

«እመጣለሁ» አለች እናትየው።

ልጇ አልሰማም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አንገቱን ወደ እሷ አሰገገ፤ ከንፈሩ ግን ለመናገር ተዘጋጅቷል። መልሷን ካልሰማ እንደማይናገር አወቀች።

ዞር ብላ በሩን አየች። አሁን የሚታየው የሻርፑ ጫፍ ብቻ አይደለም። ጎረቤቷ በክፍተቱ ግማሽ ፊቷን አስገብታለች፤ አንድ ዓይኗ ይታያል። ያ ዓይን አይለምንም፣ አይራገምም፤ ይጠብቃል። እናትየው አሁን የምትጮኸውን እሷም ትሰማዋለች። ለሳቂታ ገዳይ፣ ሥጋውን እየቆረጥኩ፣ ዳቦውን እየጋገርኩ፣ በአውቶቡስም በእግርም እስክሞት እመጣልሃለሁ ስትል የገዛ ጎረቤቷ ትሰማታለች። ቃሉም ማባበያ አይሆንም። እውነት መሆኑን አወቀች፤ ያስፈራትም ይኸው ነበር።

መካከለኛው መንገድ ላይ ጠባቂው ሰዓቱን አየና «ሊያልቅ ነው! ተሰነባበቱ!» አለ።

እናትየው ሁለት እጆቿን በአፏ ዙሪያ ሰበሰበች፤ ደረቷ እስኪሞላ ድረስ አየር ሳበች።