የራሷን ፍርድ ያስተረጎመች ልጅ

ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ልጁ አጥፍቷል፣ ወይ ልጁ ጠፍቷል። እናትየው ሦስተኛ ምክንያት ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ስለዚህ ልጇ፣ «እማ፣ ነገ ጧት ርዕሰ መምህሩ ይፈልጉሻል» ስትላት ከገበታው ቀና አለች።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው አይጠራም።»

መስኮት ሰብራ ይሆን፣ ሰው ፈንክታ ይሆን፣ «ወደመጣችሁበት ተመለሱ» ሊሏቸው ይሆን? የመጨረሻውን ካሰበች በኋላ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

ወደዚህ ከተማ ከመጡ አራተኛ ዓመታቸው ነው። የከተማው ቋንቋ የእነሱ ቋንቋ አይደለም። እናትየው የምትሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበትና በሚተኮስበት ቤት ስለሆነ፣ በእንፋሎትና በማሽን ጩኸት መሀል የለቀመችው ቃል ተሰብስቦ አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ እድፍ፣ ቶሎ፣ እንደገና። ከሁሉ አጥርታ የምታውቀው ግን «ዘገምተኛ» የሚለውን ነው። ተቆጣጣሪዋ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ ከጧት እስከ ማታ የምትጠራት በዚያ ነው። «አንቺ ዘገምተኛ፣ ተጨማደደ እኮ!» ትላታለች። ቃሉ ስድብ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ የሴትዮዋ የከንፈር አጣጣል በቂ ነበር።

ልጅቷ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቋንቋውን ዓመት ሳይሞላት ጨርሳዋለች። በግቢው የሚኖሩ የአገሯ ሰዎች «አፈ ጉባኤ» የሚል ስም አውጥተውላታል። አፈ ጉባኤ ካልተገኘች ስብሰባ የለም። ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ከአከራዩ ጋር የሚከራከር፣ የመብራት ሒሳብ በዝቶብኛል የሚል ሁሉ እጇን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ሐኪሙ ስለ ታችኛዋ ጎረቤት ኩላሊት የተናገረውን፣ ሴትዮዋ እንዳትደነግጥም እንዳትዘናጋም አድርጋ መዝና ስትነግራት እናትየው አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። ኮራች። ወዲያው ደግሞ ፈራች፤ ጥሩ ነገር በቤታቸው አርፎ ተቀምጦ አያውቅማ።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠባብ ነው። ከሦስቱ ወንበሮች በአንዱ ርዕሰ መምህሩ፣ በሌላው የልጅቷ መምህርት ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛውን ለእናትየው ሰጧት። ልጅቷ በመሀል ቆመች። ርዕሰ መምህሩ እናቷ ቋንቋ ትችል እንደሆነ ልጅቷን ጠየቃትና እንደማትችል ሲሰማ፣ «ችግር የለም፣ አንቺ ንገሪያት» አለ። እናትየው በዕድሜ ታላቁ ነበረች፤ «ንገሪያቸው» ግን አላለም።

ንግግሩን በሩቁ ጀመረ። ልጆች ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ፣ ትምህርት ቤቱም ለእያንዳንዱ የሚስማማውን እንደሚፈልግ አስረዳ። ልጅቷ እንደ ልማዷ በእግር በእግሩ ተከተለችው፤ «እንዲህ ይላሉ፣ እንዲህም ይላሉ» እያለች፣ እሱ ለትንፋሽ ሲያርፍ እሷ እየጨረሰች። ቀጥሎ ስለ ቋንቋ ችሎታ ማነስ ተናገረ። እሱንም አስተረጎመች። መምህርቷ ግማሹ ባዶ የሆነ የፈተና ወረቀት አነሣችና አሳየች። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ወደ ጓሮ ባለው መስኮት እያመለከተ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ።

ልጅቷ ወዲያው አልተከተለችውም።

እናትየው ልጇ ለኩላሊት፣ ለኪራይ ውል፣ ለመብራት ቆጣሪ ቃል ስታጣ አይታ አታውቅም። አሁን ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየች።

«ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩኛል» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ተጨማሪ እርዳታ አለ ይላሉ። ፈርሚ።»

አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ተዘረጋላት። እናትየው ወደዚህ ከተማ ከመጣች ወዲህ ፈርሚ ተብላ ያልፈረመችው ወረቀት የለም፤ ያልፈረመ ይባረራል ብላ ታምናለች። ተቀበለችና ጎንበስ አለች። እጇ ግን ወይ ፍንክች አለ። ከዚያ ሁሉ ረዥም ንግግር መሀል አንድ ቃል ጆሮዋ ገብቷል። የምታውቀው ቃል። በየቀኑ ከአንሶላ ጋር አጣጥፋ የምትውጠው።

«ዘገምተኛ ያለው ማንን ነው?» አለቻት በቋንቋቸው።

ልጅቷ ወለሉን አየች። «ተዪው እማ። ፈርሚና እንሂድ፣ ሥራ ይረፍድብሻል።»

«ማንን ነው ያልኩሽ።»

«ከጓሮ ያለው ክፍል የዘገምተኞች ነው። ሥዕል ይቀባሉ። አይማቱም።»

የእናትየው ደም ፈላ። እኔን ይበሉኝ፣ አለች በልቧ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። የፈተናውን ወረቀት ከመምህርቷ እጅ ወሰደችና ባዶውን ገጽ ለልጇ አሳየቻት። እስከ መሀል ድረስ በሠልፍ የቆመ የሚመስል ጽሑፍ አለ፤ ከመሀል በኋላ ምንም። ይሄ ለምን ሆነ? አለቻት።

«የቤቶች ጽሕፈት ቤት የሄድን ቀን ነው።»

እናትየው አስታወሰች። ከቤት ትወጣላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሳት ቀን እንደ እብድ ሮጣ ከትምህርት ቤቱ በር ልጅቷን አስጠርታ ወስዳታለች።

«ፈተና ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እያለቀስሽ ነበር።»

እናትየው ለጥቂት ጊዜ ማየት አቃታት። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና፣ መምህርቷ ይህን አታውቅም ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ መለሰች፤ «እሷ ናት በሩን የከፈተችልኝ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ልጅቷ የወጣችበትን በር በገዛ እጇ የከፈተች ሴት፣ ባዶውን ገጽ ይዛ ልጅቷ አታውቅም ትላለች። እናትየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አሁን የምለውን እንዳለ ንገሪያቸው። ስኳር አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ።»

«እማ፣ ይቆጣሉ።»

«ይቆጡ።»

በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ከተቀመጥን ጀምሮ የተግባባነው በማን አፍ ነው በያቸው። ቋንቋ ያንሳታል ያላችኋት ልጅ ናት፣ ቋንቋ ያንሳታል ማለታችሁን ያስተረጎመችልኝ። መግባባት አቅቷቸው የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎችንና አንዲት እናትን እሷ ቆማ አገናኘቻቸው። ከመሀላችን የዘገየው ማን ነው? ደግሞም እናንተ ስድቧን ለራሷ ስታሸክሟት፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብላ መንገድ ላይ ጣለችው። ይህንን የሚያደርግ ልጅ በየትኛው ክፍል ነው የሚቀመጠው?»

ልጅቷ ጀመረች። ድምፅዋ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ወደ መሀል ሲደርስ አንገቷ ቀና አለ። አንድ ቃል አልቀነሰችም። «ስድቧን» የሚለው ጋ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆም ብላ፣ «ስድቤን» አለች።

ርዕሰ መምህሩ መምህርቷን አየ። መምህርቷ ፊቷ ቀላና ልጅቷ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ እንደማታውቅ፣ ድንጋይ ይናገራል እንጂ ይህች ልጅ እንደማትናገር ገለጠች። ይህንን ልጅቷ ለእናቷ አላስተረጎመችም፤ በቀጥታ መለሰችላት።

«አንድ ቀን ከፍቼ ነበር። አንብቢ ሲሉኝ አነበብኩ። በአነጋገሬ ሁሉም ሳቁ። እርስዎም ሳቁ።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረችና ያለችውን ነገረቻት።

ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ ስለ ደንብ አወራ፤ ውሳኔ የሚሰጠው በወረቀት እንጂ በወሬ አይደለም አለ። እናትየው፣ እንግዲያው እስከ መጨረሻው የምትሠራው ወረቀት ስጧት አለች። ደግሞ በላይኛው ፎቅ ጎበዞች የሚማሩበት ክፍል አለ ሲባል ሰምታለችና፣ እዚያ የሚገባው ማን እንደሆነ ጠየቀች። መምህራን የጠቆሟቸው ናቸው ተባለች።

«ወደኛ የሚጠቁም ጣት የለማ» አለች።

ልጅቷ ይህንንም አስተረጎመች። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ፣ ሐሙስ ጧት የላይኛውን ክፍል መግቢያ ፈተና ትፈተን፣ ቃል ግን አልገባም አለ። እናትየው ሳትፈርም ወጣች። ምን አደረግኩ፣ አሁን ጭራሽ ያባርሯታል እያለች እስከ ሥራዋ ደረሰች፤ አርፍዳ ነበርና ተቆጣጣሪዋ ያንኑ ቃል ይዛ ጠበቀቻት።

ሐሙስ ጧት ገና ጫማ ሳያስሩ በሩ ተንኳኳ። የታችኛዋ ጎረቤት ናት፤ ቀሚሷን ለባብሳ፣ የሐኪም ቤት ካርዷን በእጇ ይዛ።

«እህቴ፣ አፈ ጉባኤን ለአንድ ሰዓት ስጪኝ። ዛሬ ውጤቴን ይነግሩኛል።»

«ፈተና አላት።»

«ፈተና ይደገማል። ኩላሊቴ ግን ይደገማል?»

ልጅቷ ቦርሳዋን አወረደች። ማንም አላዘዛትም፤ ለምዳው ነው። እናትየው ያቺን ወደ ታች የወረደች ቦርሳ አየቻት። ለካ ልጇን የበሉት እዚያ ቢሮ ያሉት ብቻ አይደሉም። በየተራ ሁላቸውም ቆርሰዋታል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ደግሞ የወሰደችው እሷ ናት። ቦርሳውን አንሥታ በልጇ ትከሻ ላይ አደረገችና፣ «ሂጂ» አለቻት። ከዚያ ሻሿን አሰረች።

«እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት ለጎረቤቷ።

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ከአንሶላ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«የማውቀው ይበቃል።»

አይበቃም ነበር። ሐኪሙ እንደ ዝናብ አወረደባቸው። እናትየው «እንደገና» አለችው። ደገመው። «እንደገና» አለችው። ተነፈሰና በጣቱ ወረቀቱን እያመለከተ ቀስ ብሎ ነገራት። በሦስተኛው ውኃ የሚለውን ያዘች፣ በአራተኛው ጨው። ከኋላ የተሰለፉት አጉረመረሙ፤ አንዱም ያንን ቃል ጣለላት። ዞራ አየችውና ፊቷን ወደ ሐኪሙ መለሰች። «እንደገና።»

ጎረቤቷ ውኃ አብዝታ፣ ጨው ቀንሳ፣ በወሩ እንድትመለስ መታዘዟን ይዘው ሲወጡ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። እናትየው በትምህርት ቤቱ በኩል ዞረች። ልጅቷ በአጥሩ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም በምራቅ ታሻለች።

«ሞላሽው?»

«ሞላሁት። በጀርባውም ጻፍኩ።»

እናትየው ደስታው ገና ሳይደርስላት ቀጥሎ የሚመጣው ታያት። ኮርጃለች ይላሉ። ከየት አመጣችው ይላሉ። ቦታ የለም ይላሉ። በልቧ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ለእያንዳንዱም ምን እንደምትል አሰበች። ከዚያ ልጇን ከአጥሩ ሥር አስነሣቻት።

«ኮርጃለች ካሉ» አለቻት፣ «አንቺ ውጭ ትቆያለሽ። እኔ እገባለሁ።»

«በምን ትነግሪያቸዋለሽ?»

«በራሴ አፍ። እስኪገባቸው እደግምላቸዋለሁ።»