የተነፈጋት ነቀፋ

ልጄ ቺዙሩ ሦስተኛ ክፍል እንድታስተምር ስትመደብ ሰዉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔ ግን ሰላሜን አጣሁ። በጎረቤት ከተማ አንዲት ጀማሪ አስተማሪ ከሥራ ጫና የተነሣ ታማ ቤት መዋሏን ሰምቼ ነበር፤ ክፉ ወሬ እንደሆነ እኔን አይስተኝም።

በትምህርት ቤታቸው እያንዳንዱ አስተማሪ በየተራ ባልደረቦቹ እያዩት ያስተምራል፤ በሰኔ ተራዋ ደረሰና በዘጠኝ ባልደረቦቿ ፊት አስተማረች። ዘጠኙም ከክፍሉ ኋላ ቆመው ልጆቹን እያዩ ሲጽፉ ቆዩ፤ ከዚያ ተቀምጠው ያዩትን ነገሯት። ዓይኗ አብጦ ቤት ገባች።

«ምን አሉሽ?»

«አንጋፋዋ መምህርት ኩዋባራ፣ ‘ተማሪሽ ሹንታ ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ግራ ገብቶት ነበር፤ አንቺ ሰሌዳሽን ታሳምሪያለሽ’ አሉኝ። ሁሉም ሳቁ።»

«ይቺ አሮጊት! እሷስ ከእናቷ ሆድ ስትወጣ ጠመኔ ይዛ ነበር?»

«ተይ እማ፣ እውነታቸውን እኮ ነው። ነገ የሹንታን ወንበር ወደ ፊት አመጣዋለሁ።»

ይህን የመጨረሻውን ያኔ ልብ አላልኩትም። እኔ ያየሁት ያበጠውን ዓይኗን ብቻ ነበር። ሾርባዋን ሳትነካው ተነሣች።

በማግስቱ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ደወልኩ። «ልጄ ሆደ ባሻ ናት፤ እባክዎ አይጫኗት፣ ትታመምብኛለች» አልኩ። «ገባኝ እናቴ፣ እናስብበታለን» አለ ሰውየው። ስልኩን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት።

በኅዳር ሁለተኛ ተራዋ ሆነ። ከ302 ላይ 158 መቀነስን ለማስተማር ሦስት ሳምንት ስትዘጋጅ ከረመች። ያን ቀን በጊዜ ገባች።

«ዛሬስ?»

«አመሰገኑኝ።»

«እሰይ!»

«ዘጠኙም በየተራ ተነሥተው ‘ብዙ ተማርንበት’ አሉና ጎንበስ አሉ። ውይይቱ በሃያ ደቂቃ አለቀ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? እልልታ?»

«እማ፣ ከሃያ አራቱ ልጆች ግማሾቹ መልሱን በ144 ፈንታ 256 ብለው ጻፉ። የት ላይ እንዳሳትኳቸው አላውቅም። የመምህርት ኩዋባራ ደብተር በጽሑፍ ጢም ብሎ አይቻለሁ፤ ግን ዘጉት። ‘ብዙ ተማርንበት’ የሚባለው እኮ ለእንግዳ ነው። ወይ ደግሞ ተስፋ ለተቆረጠበት።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አላረማትም። ሄዳ ስትጠይቃቸው «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ይሏታል። በየካቲት የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባች።

አንድ ካርቶን መንደሪን ይዤ ኩዋባራ ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«እርስዎ ነዎት የደወሉት?» አሉ። ካርቶኑን አልተቀበሉኝም። «ምክትሉ ሰብስቦን ‘ቤተሰብ አቤት ብሏል፣ አፋችሁን ጠብቁ’ አለን። እኛም ፈሪዎች ነን፣ ጠበቅን። እኔን እያስለቀሱ ነበር አስተማሪ ያደረጉኝ። የእርስዎን ልጅ በጨዋነት ብቻዋን አስቀረናት።»

«አሁን ይንገሯት፤ እባክዎ።»

«አሁን ብነግራት ያዘንኩላት ይመስላታል እንጂ አትሰማኝም።»

ቤት ተመልሼ ለቺዙሩ ራሴ ነገርኳት። ልብስ ታጥፍ ነበር። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ በተሻለኝ።

«እኔ ደግሞ የማልረባ ሆኜ የተዉኝ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም ልጄ! ደብዳቤውን መልሺው። ምክትሉ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ደግሞ ልትሄጂ?» የያዘችውን ሸሚዝ ከጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ከእንግዲህ ጥሩ ነው ቢሉኝ እውነት ይሁን ምሕረት በምን አውቃለሁ? ቢቆጡኝስ ‘እናቴ ፈቅዳ ነው’ አልልም?»

ሸሚዙን መልሳ አነሣችና ማጠፏን ቀጠለች።

በሚያዝያ፣ አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር፣ ክፍሏን ሌላ ሰው ተረከበ። ልጄ አሁን ወደቡ አጠገብ ባለው ማቀዝቀዣ ቤት ዓሣ ታሽጋለች። ማንም ከኋላዋ ቆሞ አያያትም፤ ማንም አያስለቅሳትም። ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ።

«ደህና» ትለኛለች፤ ለጎረቤት እንደሚባለው፣ በትሕትና። ከዚያ ክፍሏ ትገባና በሩን ትዘጋለች።