ሦስት ጓጉንቸር

ሦስት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት፣ አንዷ የአገሩ፣ ሁለቱ የባሕር ማዶ፣ ለስደተኞች መጠለያው አንድ መጋዘን በጋራ ሲያቋቁሙ፣ በሩ ሦስት ጓጉንቸር ይኑረው፣ ቁልፉንም ሦስቱ ይካፈሉት ያለችው ራሷ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበረች። ሐሜት እንዳይኖር ብላ ነው። ያኔ አጨበጨቡላት።

ያ ብልጠቷ ዛሬ እሷኑ አንገበገባት። ጠዋት ስልሳ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ደርሷል፤ ዝናቡም አላባራም። መንገድ ላይ የወለደች አንዲት አራስ ሕፃኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠቅልላ ቆማለች፤ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ብርድ ልብሱ ከበሩ ወዲያ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ሁለቱ ቁልፎች ተገኙ። ሦስተኛውን ግን የአንዷ ቤተ ክርስቲያን ወኪል በኪሳቸው ይዘው፣ ስለ መተባበር ሊሰበሰቡ ባሕር ማዶ ሄደዋል።

ደወለችላቸው። ከነገ ወዲያ እንደሚመለሱ፣ ጓጉንቸር ብትሰብር ግን ከሥራ እንደምትሰናበት፣ ደንቡም የራሷ መሆኑን በትሕትና አስታወሷት። እንደማትሰብር ነግራቸው ዘጋች። ይህን ሥራ ብታጣ ልጆቿን የምታበላው የላትም። ፈርታለች፤ ግን አናጢውን አስጠራችው።

አናጢውን «አባ ነገ» ይሉታል። የመጋዘኑን በር ሲገጥም ማጠፊያውን በስህተት ወደ ውጭ አድርጎት፣ ነገ አስተካክለዋለሁ እያለ ሦስት ዓመት አስቆጥሯል።

«ማጠፊያውን ፍታልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ነገ…»

«ዛሬ። አሁን።»

ሕፃኑን አየና ካቻቢቴውን አወጣ። ብሎኖቹ ተፈትተው ሲያልቁ በሩ በሦስቱ ጓጉንቸሮች እንደተያዘ በማጠፊያው በኩል ገርበብ አለ። ኃላፊዋ በጎን ሾልካ ገብታ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ለአራሷ ሰጠች። እስኪመሽ ስልሳውንም ቤተሰብ አለበሰች፤ አናጢውም በሩን እንደነበረው መልሶ ገጠመው።

ወኪሉ ወሬው ደርሷቸው በቀጠሯቸው ቀን ፊታቸው ደም መስሎ መጡ። ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ሁሉም ደህና ናቸው።

«አልሰበርኩም» አለች ኃላፊዋ። «ሰዎች እንደዚያ ሆነው ቢመጡብኝ ግን ደግሜ አደርገዋለሁ።»

አራሷ ልጇን በብርድ ልብስ ታቅፋ በአጠገባቸው አለፈች። ልጁ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያለቅሳል። ወኪሉ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ቁልፋቸውን አወጡና፣ «ነይ እንክፈት፣ ሥራ አለ» አሏት።

ወደ አናጢው ዞረው ማጠፊያው መቼ ወደ ውስጥ እንደሚዞር ጠየቁት። አናጢው ኃላፊዋን ሰርቆ አያትና፣ «ነገ» አለ።

«ነገ ይሁን» አሉ ወኪሉ። ይህችን ነገ እሳቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰሟት ኖረዋል።