የወለተ ሐና ትንሿ ድስት

የቅበላው ሰሞን ሲደርስ የቡሬ ሴቶች ድስታቸውን ተሸክመው የሚሰለፉት ወለተ ሐና ደጅ ነበር። ወለተ ሐና በየድስቱ ውኃ ታፈላለች፤ ውኃው ላይ የቅባት ዓይን ብቅ ካለ ድስቱ ለሁዳዴ አይሆንም፤ አለቀ። «ሸክላ የበላውን አይረሳም» ትል ነበር። ቄሶቹ እንኳ እሷ ባላየችው ድስት የተሠራ ወጥ አይደፍሩም ይባላል፤ መቼም የቡሬ ሰው ሲያጋንን አይጣል ነው።

በመስከረም 1958 ወለተ ሐና ሞተች። ቅበላው ሲቃረብ ልጇ እታለም ቤቱን ልትዘጋ ከፍኖተ ሰላም መጣች። እታለም ከዚያ ቤት አንድ ነገር ይናፍቃታል፤ በዘጠኝ ዓመቷ ወባ ጥሏት ሳለ እናቷ ታጎርሳት የነበረው የሁዳዴ ሽሮ። ስንቱን ሞከረችው! ኑግ ጨመረችበት፣ ሱፍ ጨመረችበት፤ ያ ጣዕም ወይ ፍንክች።

ከጎታው ጀርባ ያ ሽሮ ይሠራባት የነበረችውን ትንሽ ድስት ስታገኝ ደስ አላት። ሽሮ ልትሠራባት ተነሣችና በእናቷ ደንብ አስቀድማ ውኃ አፈላች። ውኃው ዓይን አወጣ።

እታለም ምድጃው ሥር ዘጭ አለች። ለካ ስትናፍቀው የኖረችው ቅቤ ነው! ያውም በሁዳዴ፣ ያውም በወለተ ሐና እጅ!

በዚህ መሐል ጎረቤታቸው እትዬ ንግሥቴ ገቡ።

«ልጄ፣ ያችን ትንሿን ድስት ለማስታወሻ ስጭኝ።»

እታለም ጨነቃት። ብትሰጣቸው የጾም መስላቸው ይሠሩባታል፤ እውነቱን ብትናገር የእናቷ ስም ገደል ገባ።

«ተሰንጥቃለች፣ አትሆንዎትም» አለች፣ ክዳኑን በእጇ ጫን አድርጋ።

ንግሥቴ እጇን ቀስ ብለው አነሡና ክዳኑን ከፍተው ውኃውን አዩ።

«አዬ! ሳትደርሽባት ልሸሽጋት ነበር የመጣሁ። ቅቤውን በቅል ደብቄ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ‹ለታመመ ልጅ ነው፣ የንስሐ አባትሽን አስፈቅጂ› ብላት ‹የሰው ድስት ስመልስ ኖሬ በምን አፌ?› አለችኝ። እያለቀሰች ነበር የምታማስለው። አንቺ ከዳንሽ ወዲህ ደግሞ ሽሮ የሚባል በአፏ አልዞረም። ቅጣቱን ራሷ ፈረደችው።»

እታለም ያን ጊዜ ትዝ አላት። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ሌላው ሽሮውን ሲበላ እናቷ እንጀራዋን በበርበሬና በጨው እየነካካች፣ «እኔን እቴ፣ ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል» ትል ነበር።