የቀዛፊዎቹ ሆድ

የመከር በዓላችን ኦናም አልፎ የጀልባ እሽቅድድሙ ሊደርስ ሲል የመንደራችን ቀዛፊዎች ሆድ ተበላሸ። እኔ ያወቅሁት ከቀዛፊዎቹ አንዱ ኡሴፕ በቦዩ መጥቶ ታንኳውን ደጄ ካለው ድንጋይ አስጠግቶ ሲጠራኝ ነው። ኡሴፕ ውሃ ላይ ካልሆነ በቀር የማይቸኩል ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ጃንጥላውን እንኳ ረስቶ ዝናቡ ይወርድበታል።

«እትዬ ሳሮጂኒ፣ ይድረሱልን። ግማሹ ሰው ተቅማጥ ይዞት ከጫካ አልወጣም።»

«ኩታፓን ነው የላከህ?»

«እሱማ ቢሰማ ያባርረኛል።»

ኩታፓን የጀልባው አለቃ ነው። ረጅሙ የእሽቅድድም ጀልባ ወዳረፈበት ዳስ ሴት ድርሽ እንድትል አይፈቅድም፤ ጀልባው ይቀየማል ይላል። እኔ ደግሞ ከአባቴ በወረስኩት ሕክምና የዚህን ሰፈር ሆድ ሳክም ነው ያረጀሁት። ቅርጫቴን አንስቼ ታንኳው ላይ ወጣሁ።

ስንደርስ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል፤ ኩታፓን በሩ ላይ ቆሟል።

«አንቺ፣ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ሆድ ላክም። ጀልባህን አልነካብህም።»

ከተጋደሙት አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሆዱን ይዞ ሮጠ። ኩታፓን ይህን አየና ከበሩ ዞር አለልኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የሚጠጡትን ውሃ ነው። ወጥ ቤቱ ፓቪትራን ከዳሱ ጀርባ ወስዶ ጉድጓዱን አሳየኝ። ቦዩ ሞልቶ ገብቶበታል፤ ውሃው ጭቃ መስሏል።

«አፍልተኸዋል?»

«እንጨቱ ርጥብ ሆነብኝ እትዬ።»

«የኔን ደረቅ እንጨት ኡሴፕ ያምጣልህ። ያልፈላ ውሃ ለአንድ ሰው ብትሰጥ ግን አንተን ነው የማነድህ።»

በዝናብ ወራት ምግብ የሚፈጨው የሆድ እሳት ይደክማል ይል ነበር አባቴ። እነዚህ በደከመው እሳት ላይ የቦይ ውሃ ደፍተው፣ ዘይት የጠጣ ዓሣ ጨምረውበታል። ዓሣውን ከለከልኩ፤ ቃሪያና ኮኮናቱንም። ውሃው በደረቅ ዝንጅብልና በድንብላል በደንብ ይፍላ፣ ሩዙ እስኪሟሟ ይቀቀልና በጨው ቀጭን አጥሚት ይሁን አልኩ። የደረቀ የሮማን ልጣጭ ቀቅዬ በየኩባያው አዳረስኩ። ከአጥሚቱ በኋላ ቅቤው የወጣለት አሬራ በከሙንና በተቀጠቀጠ ዝንጅብል ይሰጣቸዋል።

«ይሄ ልጣጭ አፍ ያስራል» አለ አንዱ ፊቱን አጨማዶ።

«አፍህንም ቢያስርልን አንጠላም» አለው ኡሴፕ።

ሁሉን እየዞርኩ ሳይ ጥግ ላይ ሱኩማራንን አገኘሁት። የኩታፓን ልጅ ነው፤ የኋላውን ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ጀልባውን የሚመራው እሱ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። የእጁን ቆዳ ቆንጥጬ ብለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። መቼ እንደሸና ብጠይቀው አላስታወሰም፤ ያወረደው ደግሞ ደም አለበት።

«ይሄ ሆስፒታል ይሄዳል። አሁኑኑ» አልኩ።

«አንቺው አክሚው እንጂ» አለ ኩታፓን። «ሆስፒታል ከገባ እስከ እሽቅድድሙ አይለቁትም። ማን ሊመራልኝ ነው?»

«የኔ ቅጠል ለሌሎቹ ይበቃል፤ ለሱ አይበቃም። እሱ የሚያስፈልገው ደሙ ውስጥ ውሃ የሚያስገባለት መርፌ ነው። አባቴም ቢሆን እንዲህ ያለውን እቤት አያስቀምጥም ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በሆድ ጉዳይ ተሳስቼ ታውቃለህ?»

ልጁን አየ፤ ጀልባውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጁን እንደ ሕፃን ታቀፈውና ራሱ ታንኳው ላይ አወጣው። ፈልቶ በበረደ ውሃ ጨውና ስኳር በጥብጬ በጠርሙስ ሰጠሁት። «መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ፣ ግን በትንሽ በትንሹ አጠጣው» አልኩት። ጠርሙሱን ተቀብሎ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

እኔ ዳሱ ውስጥ ከረምኩ። ጀልባውም አልተቀየመ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ሩዝ ጠየቁ፤ ቀጥሎ መጣላት ጀመሩ፤ ያኔ እንደዳኑ አወቅሁ። ከሆስፒታል ደግሞ ሱኩማራን ሸና የሚል ወሬ መጣ። ዳሱ ውስጥ ለሽንት እንደዚያ የተጨበጨበበት ቀን አላውቅም።

በእሽቅድድሙ ዕለት መሪውን መቅዘፊያ ኩታፓን ራሱ ያዘ። ከዳር ሆኜ አየሁ። የኛዎቹ ሦስተኛ ወጡ። ዘንድሮም ይበልጡናል ያልናቸውን የማዶ መንደር ሰዎች ግን በጥቂት ቀደሟቸው፤ ለኛ ሰው ያ ከዋንጫ አይተናነስም።

ሁሉም ሲዘፍን ኩታፓን በሰው መሐል ሾልኮ አጠገቤ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሳሮጂኒ፣ ያ የሮማን ልጣጭ ተርፎሻል?»

«ለማን ነው?»

ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከትናንት ጀምሮ ነው። መሪው ታመመ ከተባለ ልጆቹ ልባቸው ይወድቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንዲህ ሆነህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የቀዘፍከው?»

«ቶሎ ለመድረስ ምክንያት ነበረኝ» አለ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እጁን ይዤ ቆዳውን ቆነጠጥኩት፤ ቶሎ ተመለሰ። ወደ ቤቴ ወሰድኩት፤ አጥሚቱንም ሳይከራከር ጠጣ።