ያልተወለወለው ኳስ

መዝጋቢዋ የመስታወቱን ኳስ ስምንት ቀን ሙሉ አልወለወለችም፤ ሆን ብላ።

በአየር ጠባይ ጣቢያው ግቢ የቆመው ይህ ኳስ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ከኋላው የተሰካውን ካርድ እያቃጠለ መስመር ይተዋል። ፀሐይ ስትበረታ መስመሩ ጥልቅና ጥቁር ነው፤ ስትደክም ቡናማ ጭረት ብቻ። ኳሱን በየማለዳው መወልወል የሥራው ሀሁ ነው። አባቷ እዚሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሲወለውል ኖሮ፣ የተባረረው «ኳሱን አይወለውልም» ተብሎ ነበር።

ያስባረረው የጎረቤቱ የኖራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። አባቷ፣ «የምድጃው ብናኝ ፀሐይን አየር ላይ እየቀማን ነው፤ ከፊሉን ወደ ሰማይ ይመልሳል፣ ከፊሉን እዚያው ውጦ አየሩን ያሞቃል፣ ለመሬት የሚደርሳት ትርፍራፊው ነው» ብሎ ጻፈ። የቀጠኑትን ካርዶችም አያያዘ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ሽማግሌው ሰንፎ ነው» አለ፤ ታመነም። አባቷ መወልወያ ጨርቁን እስኪሞት ድረስ ከኪሱ አልለየውም። እሷ ቦታውን ይዛ ሰባት ዓመት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

ዛሬ ለፋብሪካው ሁለተኛ ምድጃ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ የጣቢያውን መዝገብ ሊያይ መጣ። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሲመጣ ሁሌ እንደሚያደርገው፣ ሰማዩ እንዲጠራለት ምድጃውን ቀድሞ አስጠፍቷል።

አመሻሽ ላይ ካርዱ ሊወጣ ሲል ጣቱን ኳሱ ላይ አሸት አደረገ። ጣቱ አመድ መሰለ።

«ይኸው!» አለ ለኮሚቴው ሰብሳቢ እያሳያት። «ስንፍናም ይወረሳል ለካ!»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ስምንት ቀን አልነካሁትም። የግቢው ዘበኛ ይመስክር።»

«እውነት ነው» አለ ዘበኛው። «እኔም አልነካሁትም፤ ቤቴም ቢሆን ትቢያ አልወለውልም።»

«ራሷ አመነች! ኳሱ ቆሻሻ ነው፤ ይጻፍልኝ!»

ሰብሳቢዋ ጻፈች። መዝጋቢዋም ካርዱን ቀስ ብላ ሳበችው። መስመሩ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ እኩለ ቀን ላይ ካርዱን በስቶት አልፏል። ከጎኑ የአባቷን አሮጌ ካርድ አስቀመጠች፦ ያው ቀን፣ ያው ወር፣ ጠርዙ ላይ «ደመና የለም» የሚል ጽሑፍ፣ መስመሩ ግን የድመት ጭረት የሚያክል።

«ስምንት ቀን ትቢያ የለበሰ ኳስ ይህን ካቃጠለ፣ የአባቴን ያቀጠነው ኳሱ ላይ ያለ ትቢያ አይደለም» አለች።

ሰብሳቢዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ምድጃው መቼ ጠፋ?»

«ለ... ለጥገና ነው።»

«መቼ ነው ያልኩት።»

«አራት ቀኑ ነው» አለ ዘበኛው። «ሚስቴ ነጭ ልብስ ማስጣት ጀምራለች።»

ሰብሳቢዋ የፈቃዱን ወረቀት ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «የአባትሽን የስንብት ደብዳቤ አምጪልኝ፤ ይሻራል።»

የመዝጋቢዋ አንጀት ግን ገና አልራሰም። ያረጀውን የአባቷን ጨርቅ ከኪሷ አውጥታ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋችለት።

«እኔ?» አለ።

«ቆሻሻ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው ሰብሳቢዋን አየ፤ እሷ ከጽሑፏ ቀና አላለችም። ጨርቁን ተቀብሎ ጎንበስ አለ።

«ከሥሩም፣ ጋሼ» አለች መዝጋቢዋ። «አባቴ ከሥሩም ነበር የሚወለውለው።»